ማኅተም የተመታበት ሰማይ

ዕውቀት ብዙ ዓይነት ነው፤ ከሁሉም የሚያኮራው ግን ሌላ ሰው የማያውቀው ነው። ቅኔ ብታውቅ ጎጃም ውስጥ ነህና በየደጀ ሰላሙ የሚያርምህ አታጣም። እርሻ ብታውቅ ጎረቤትህ ከአንተ የተሻለ ያውቃል። እኔ ግን ፖርቱጊዝኛ አውቅ ነበር። ከዓባይ ወዲህ ተሳስተሃል ሊለኝ የሚችል አንድ ነፍስ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሊቅነት የት ይገኛል?

የጎጃም ሰው ደግሞ ለፖርቱጊዝ ያለው አክብሮት ለብቻው ነው። የድንጋይ ድልድይ ካየ ፖርቱጊዝ የሠራው ነው ይላል። የፈረሰ ግንብ ካየም ፖርቱጊዝ። አያቱ ላቡን ጠብ አድርጎ የካበውን ካብ ሳይቀር ለፖርቱጊዝ የሚሰጥ አይጠፋም። ስለዚህ ከድሬዳዋ ተመልሼ አምበር አካባቢ አጎቴ ቤት ስገባ፣ የፖርቱጊዝን ቋንቋ የሚያውቅ መጣ ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። ድልድይ መሥራት እችል እንደሆነም ጠየቁኝ። አልችልም ስል ትንሽ ተቀየሙኝ።

ቋንቋውን ያስተማረኝ ድሬዳዋ ሱቁን የጠበቅሁለት ነጋዴ ነው። ሴኞር እለው ነበር፤ በቋንቋቸው ጌታዬ እንደማለት ነው። ሴኞር ፖርቱጊዝ ነኝ ይበል እንጂ ተወልዶ ያደገው ሕንድ አገር፣ ፖርቱጊዞች በያዙት ጎዋ በሚባል ቦታ ነው። ፖርቱጋልን አይቷት አያውቅም። አባቱም አያቱም አላዩዋትም። ይሁን እንጂ እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ጨው የበላው ደረቅ ዓሣ እየቀቀለ ስለ እሷ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ያለቅሳል። የናፍቆቱ ስም ሳውዳድ ይባላል። ይህን ቃል ከፖርቱጊዝ በቀር ማንም ሕዝብ የለውም እያለ ይኮራብኝ ነበር። እኛ ናፍቆትም ትዝታም አለን፤ ሁለት እያለን አንድ ቀን እንኳ ተኩራርተን እናውቃለን? አንድ ጊዜ፣ ሰው አይቶት የማያውቀውን አገር እንዴት ይናፍቃል ብዬ ብጠይቀው፣ አንተስ ገነትን አይተሃታል ወይ አለኝ።

ከፖርቱጋል ሌላ የሚወደው ሰማይን ነበር። ከሊዝቦን በመርከብ ያስመጣቸው፣ በትልቅ መነጽር የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎች ነበሩት፤ ዐሥራ ሁለት ወፋፍራም ወረቀቶች፣ ከየሥራቸው ስማቸው በፖርቱጊዝኛ የታተመባቸው። ጨረቃ አለች፤ ቀለበት ያጠለቀ ኮከብ አለ፤ ጅራታም ኮከብ አለ። ሴኞር ጨረቃንና ፖርቱጋልን እኩል ያውቃቸው ነበር፤ ሁለቱንም በሥዕል። የእኔም ፖርቱጊዝኛ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከነዚያ ዐሥራ ሁለት ጽሑፎችና ከዓሣው ስም ብዙ አያልፍም። ጦርነቱ ሲመጣ ሴኞር ሱቁን ዘግቶ ወደ ጎዋ ተሳፈረ፤ ፎቶግራፎቹንም ለመታሰቢያ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

አጎቴ መሪጌታ ይባቤ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ ጨረቃን እየቆጠሩ የዓመቱን በዓልና ጾም የሚያወጡ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። የጨረቃን ፎቶግራፍ ባሳያቸው ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩዋትና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስቆጥራት ፈንጣጣ እንደያዛት የነገረኝ የለም አሉ። ከዚያ የወረቀቱን ዳር ዳር በጣታቸው ዳበሱ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። የጎጃም ሊቅ ንጹሕ ወረቀት አይቶ አያልፍም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም።

በሳምንቱ ባየው በጨረቃ ዙሪያ፣ ባዶ በነበረው ቦታ ሁሉ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የግዕዝ ቁጥር ተደርድሮበታል። አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው፤ ጨረቃን የሚያሰሉባቸው ሁለት ቁጥሮች፣ ጥንድ ጥንዱ ሲደመር ሁልጊዜ ሠላሳ የሚመጣ። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለትና ስምንት፣ ሦስትና ሃያ ሰባት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሌሎቹንም ወረቀቶች አልማሩልኝም። ተናደድሁ። እሳቸው ግን መልኳን ፈረንጅ ጻፈ፣ ሒሳቧን እኔ ጻፍሁ፣ ምን ጎደለባት ብለው ወረቀቶቹን እንደ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ከተቱና ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው።

ይህ ሲሆን ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ሠርቷል፤ አርበኞችም በየቆላው ናቸው። አንድ ቀን ጧት ለጣልያን ያደሩ ባንዶች ቤታችንን ከበው ፈተሹ። የሚፈልጉት ጠመንጃ ነበር። አለቃቸው ማኅደሩን ከግድግዳው ሲያወርድ ዳዊት መስሎት መጀመሪያ ሳመው፤ ግንባሩንም አስነካው። ከዚያ ከፈተው። የተሳለመው ነገር ዳዊት አለመሆኑን ሲያይ እንዴት እንደተቆጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጠመንጃ ቢያገኝ እንኳ እንዲያ አይቆጣም ነበር። የኔታን የፊጥኝ አስሮ፣ ማኅደሩን አንግቶ ደብረ ማርቆስ ወሰዳቸው። እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ።

ደብረ ማርቆስ የተቀመጠው ካፒታኖ፣ የጣልያኑ ሻምበል፣ ብልህ ሰው ነበር፤ ጉዳችን የፈላውም በብልህነቱ ነው። ሞኝ ቢሆን ሥዕል ነው ብሎ ይጥለው ነበር። እሱ ግን የጨረቃዋን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲመራመር ቆይቷል። በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ ብሎ አስረዳን። ይህ ካርታ ነው። እነዚህ ክብ ክቦች ሽፍቶቹ እህል የሚቀብሩባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው። ከአንድ ቦታ ተነሥተው የተበተኑት ነጫጭ መሥመሮች መንገዶቻቸው ናቸው። ቁጥሮቹንም አስነብቦ ደምሯቸዋል፤ ሁሉም ሠላሳ ይመጣሉ። እንግዲያው በየጉድጓዱ ሠላሳ ሰው አለ ማለት ነው፤ ዐሥራ አንዱ ሲተኛ ዐሥራ ዘጠኙ ይጠብቃል። ምን አለፋችሁ፣ እኔ ራሴ ላምነው ትንሽ ነው የቀረኝ።

የኔታ ሲጠየቁ አበቅቴና መጥቅዕ ነው አሉ። አስተርጓሚው የአሥመራ ልጅ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ቤተ ክህነት አልዋለም። ሁለቱን ስሞች እንዳሉ አቀበለ። ካፒታኖውም የሁለት ሽፍታ ስም መስሎት በመዝገቡ ጻፋቸው። ከዚያ፣ ካርታው የየት አገር እንደሆነ እስከ ነገ ካልተናገሩ ገበያው መሐል እንደሚሰቀሉ ተነገራቸው። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገርም ሰው ይሰቀል ነበር። እኔ አባት የለኝም፤ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሥዕሉን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ወደ ፊት ወጣሁና፣ ጌታዬ ካርታ አይደለም፣ ጨረቃ ናት፣ ከሥሯም በፖርቱጊዝኛ ተጽፏል፣ ላንብብልዎት አልሁ። ያ ማንም የማይፈትነኝ ሊቅነቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተፈተነ።

ለካ ፖርቱጊዝኛና ጣልያንኛ የአክስት ልጆች ናቸው። ካፒታኖው አጎንብሶ ጽሑፉን አየና ፊቱን አጨማደደ። ይህ የታመመ ጣልያንኛ ነው አለ። የእኛ ጨረቃ ሉና ናት፣ ይህ ሉዋ ይላል፣ መሐል ላይ የጎደለው ነገር ምስጢር ቢሆን ነው እንጂ አለ። ሴኞር ይህን ቢሰማ ዓሣው ጉሮሮው ላይ ይቀር ነበር። ፖርቱጊዝኛዬ ይልቁንም ነገሩን አባሰው።

ያን ጊዜ የኔታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ቆጠሩ። ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ጨረቃ በምዕራብ፣ በአማኑኤል ከተማ በኩል ትገኛለች፣ የሩቅ ማያ መነጽር ካለው ይያትና ከሥዕሉ ጋር ያስተያያት አሉ። ካፒታኖው፣ ጨረቃ በጠራራ ፀሐይ? ብሎ ሳቀ። በቀን ቀና ብሎ ጨረቃን የሚፈልግ ማን አለ? እኔም ሴኞር ዘንድ ያን ሁሉ ጊዜ ኖሬ ልብ ብያት አላውቅም። ግን እሺ አለ፤ እሳቸውን ሳይሰቅል በፊት ትንሽ መሳቅ ፈልጎም ይሆናል።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቆምን። ጨረቃ የኔታ እንዳሉት በምዕራብ በኩል፣ ሳስታና ነጥታ ቁጭ ብላለች። እንደዚያ ቀን አምራኝ አታውቅም። ካፒታኖው መነጽሩን አነሣ። ጨረቃን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ደግሞ ጨረቃን አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። አይመሳሰሉም አለ፤ ሥዕሉ ላይ ጥቋቁሩ ቦታ ከላይ ነው፣ ሰማይ ላይ ግን በስተቀኝ ነው። አስተርጓሚውም ዓይኑን ከየኔታ ላይ አነሣ።

የኔታ ግን አንገታቸውን እንደ ዶሮ ዘመም አድርገው ሥዕሉን አዩ።

"ልጄ አለልኝ፣ ወረቀቱን ወደ ቀኝ አጋድምለት" አሉኝ። "ጨረቃ ልትገባ ስትል በጎኗ ነው የምትተኛው።"

አጋደምሁለት። ካፒታኖው አየ። ደግሞ አየ። መነጽሩን ለአስተርጓሚው ሰጠው፤ አስተርጓሚው አየና አማተበ። ካፒታኖው ሥዕሉን ከእጄ ተቀበለና፣ ጨረቃ ላይ ሽፍታ የለም አለ። በዕድሜዬ ከሰማሁት ጣልያንኛ ሁሉ ያማረው ይህ ነው።

ያፈረ ሹም ቸር ይሆናል መሰለኝ የኔታን አስፈታቸው። የቀሩትን ዐሥራ አንድ ወረቀቶች እየገለበጠም ይህስ? ይህስ? ይለኛል። እኔም ሞቅ ብሎኛል፤ አንዱን አንብቤ ሌላውን ፈጥሬ እተረጉማለሁ። ከዋክብት እንደ ጤፍ የተበተኑበት ወረቀት ላይ ሲደርስ፣ ከአንዳንዱ ኮከብ አጠገብ የየኔታ ቁጥር መጻፉን አይቶ ቆም አለ። ይህም ያው ሒሳብ ነው? አለኝ።

"ማርቆስን! ሰማይ እንጂ ምድር የለበትም" ብዬ ማልሁ።

የኔታን ሳል ያዛቸው። የእስር ቤቱ ብርድ ነው ብዬ አዘንሁ። ካፒታኖውም ሌላ ባንዳ እንዳያስቸግረን ብሎ በዐሥራ ሁለቱም ላይ፣ የሰማይ ሥዕል ነው፣ የያዘው አይነካ ብሎ ጽፎ ፈረመበት፤ ማኅተሙንም መታበት። መንገዳችን ላይ ኬላ ነበረ፤ ኬላው ላይ ያ የኔታን ያሰረው የባንዳ አለቃ ቆሟል። ማኅደሩን ከፍቶ ማኅተሙን ሲያይ አሁንም ሊስመው ምንም አልቀረውም።

ኬላውን አልፈን ዋርካ ሥር ዐረፍ እንዳልን፣ የኔታ ያን የከዋክብቱን ወረቀት መዝዘው ሰጡኝ። ነገ ይህን ይዘህ ደብረ ኤልያስ ትሄዳለህ፣ የሚቀበልህ ሰው አለ አሉ። ለተማሪ መስሎኝ ተቀበልሁ። እግሬን ዘርግቼ እንዲሁ ሥራ ፈትቼ ጥንዶቹን ቁጥሮች ደመርሁ። አርባ ሁለት። ቀጥሎ ያሉትን ደመርሁ፤ ዐሥራ ሰባት። የሦስተኛውን ደምሬ ቀና አልሁ።

"የኔታ፣ ይህ እኮ ሠላሳ አይመጣም።"

"እንዴት ይመጣል? ጨረቃ አይደለም" አሉ ረጋ ብለው። "አንዱ የእህል ጉድጓዱ ቁጥር ነው፤ አንዱ የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ነው።"

ለካ አርበኞቹ ያሉበትን ቆላ እንደሚመስል አድርገው ከከዋክብቱ መካከል መርጠው ቁጥሩን ጽፈውባቸዋል። ካፒታኖው አልተሳሳተም ነበር፤ የሳተው ወረቀቱን ብቻ ነው። ምነው ሳይነግሩኝ ብዬ ጮህሁ። ብነግርህ እንዲያ አምርረህ ትምል ነበር? አሉኝ። ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡና ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ።

"በሐሰት የማልኸውን ግን ለንስሐ አባትህ ንገር" አሉኝ።

ወረቀቱን ደብረ ኤልያስ አደረስሁ፤ በየኬላው ማኅተሙን እያሳየሁ፣ ለጠየቀኝም በፖርቱጊዝኛ እያነበብሁለት። ስመለስ ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቢሆንም ለሰባት ቀን አርባ አርባ ስግደት አዘዙኝ። እንግዲህ ያን ወረቀት ሰማይ ነው ብለን ያረጋገጥን ሁለት ሰዎች ነን፤ ካፒታኖው በማኅተም፣ እኔ በማርቆስ። የሰገድሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።