የከሰል ዲቃላ

ሳይንስን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሚስት አያምረው! ቀልድ መሰላችሁ? እኔን ጠይቁኝ።

ጎንደር ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባልደረባዬ የካርቦንን ትምህርት «ሃይብሪዳይዜሽን» ብሎ ሰሌዳውን ሞልቶ ይወጣል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም ይሸመድዳል። እኔ ግን... አይ ጉራ! «የምን ሃይብሪዳይዜሽን? መዳቀል በሉት፤ የሚወለደውም ዲቃላ ነው» ብዬ አረፍኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ጣሊያን ትቶት የሄደውን ፒያሳ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን መሪጌታ ልጅ ወደሆነችው ወደ እናኑ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ ስትወጣ በዓይኔ ስሸኛት ኖሬአለሁ፤ ሌላ ሴት አይታየኝም። ሽማግሌዬ አጎቴ አያ ንጉሤ ናቸው፤ ከትክል ድንጋይ በበቅሎ መጡልኝ።

«ምን ያስተምራል ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ስለ ካርቦን በሏቸው። ያው... ከሰል።»

«ከሰሉ ምን ሆነ?»

«ይዳቀላል።»

«ሸጋ» አሉ፤ ገቡ። እኔ አጥር ሥር ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ።

ዘር ተቆጠረ፤ ሁሉ ነገር አምሮ ሄደ። በመጨረሻ መሪጌታ «ለመሆኑ ሥራው ምንድር ነው?» አሉ።

«ዲቃላ ነው!» አሉ አጎቴ፣ ኮራ ብለው።

«ምን አልህ?»

«ማለቴ... የከሰል ዲቃላ።»

«ምነው አያ ንጉሤ! ከከሰል ሻጭ ሴት ዲቃላ ለወለደ ሰው ነው ልጄን ዳሩለት የምትለኝ?»

ዘልዬ ገባሁ። ጠያቂው ራሱ እንዲህ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ስሜ እየጠፋ ነው! ከቀረበው ቆሎ አንድ ሽምብራና ሦስት ባቄላ አነሳሁ።

«የኔታ፣ ካርቦን ኤሌክትሮን የሚያሳድርበት አንድ ክብ ቤትና ሦስት ሞላላ ቤት አለው። ከሌላው ጋር ሊያያዝ ሲል አንዱና ሦስቱ ይደባለቁና አራት እኩል ቤት ይወጣል።»

«ይደባለቃሉ?»

«አዎን!»

«የቀድሞ ጠባያቸውስ?»

«ይለወጣል! አንዱ ካንዱ አይለይም!»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ተነሱ። «ቱሳሔ! ውላጤ!»

ግዕዝ ላልቆጠራችሁ፦ መደባለቅና መለወጥ ማለት ነው። ስለ ክርስቶስ መለኮትና ሥጋ በተነሣው ክርክር አባቶች አውግዘው የዘጉትን ጉድ እኔ በሽምብራ ከፍቼው ቁጭ አልኩ!

«የኔታ፣ እኔ የማወራው ስለ ከሰል ነው!»

«በከሰል የጀመረ የት እንደሚያቆም እናውቃለን!» በሩን አሳዩኝ።

ወር ሳይሞላ ያ ባልደረባዬ እናኑን ጠየቀ። «ምን ያስተምራል?» ሲባሉ ሽማግሌዎቹ «ሃይብሪዳይዜሽን» አሉ። ማን ይግባው! መሪጌታ «እንዴት ያለ ሸጋ ትምህርት ነው!» ብለው መረቁት፤ ልጃቸውንም ሰጡት። ያው የኔው ትምህርት እኮ ነው፣ ያውም ከኔ ደብተር የገለበጠው!

ሠርጉ ላይ ዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ። አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። መሪጌታ አይተውኝ ኖሮ ጠጋ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ከከሰል ሻጯ የወለድኸው ሕፃን ግን ደኅና ነው?»