ጀልባዋም ትረፍ

በዚህ አገር አሳራፊ የሌለበት ቤት የለም። አሳራፊ ማለት ሰው የሚያሳርፍ አይደለም፤ ዕቃ የሚያሳርፍ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ይነሣና የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይዳብሳል። «ሞቋል፤ ይረፍ!» ብሎ ያጠፋዋል። ከዚያም ብርድ እንዳይመታው የፈራ ይመስል ዳንቴሉን አልብሶት ወደ መቀመጫው ይመለሳል።

የአሳራፊዎች ሁሉ አለቃ ግን የሞላሌው ክቡር አቶ ትዕዛዙ ናቸው። ሞላሌ ብርድ ነው። ሰው ሁሉ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ሙቀት ሲናፍቅ፣ እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ሙቀት ሲያሳድዱ ይውላሉ። ቻርጀር ይዳብሳሉ፤ ቆጣሪ ይዳብሳሉ፤ የጎረቤት ፍሪጅ ሳይቀር ይዳብሳሉ። ወፍጮ ቤት ገብተው ሞተሩን «ይረፍ» ያሉ ዕለትማ፣ ገብሳቸውን ይዘው ከንጋት ጀምሮ የተሰለፉት ሴቶች እሳቸውን እስከ ወዲያኛው ሊያሳርፏቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር።

አንድ እሑድ አባ መርስዔ ኃዘን ስብከታቸውን አርዝመው ሳለ፣ አቶ ትዕዛዙ በቀስታ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጉ። ዳበሱት።

«አባ፣ ማይኩ ሞቋል። እሱም ይረፍ፣ እርስዎም ይረፉ።»

አባ ደንግጠው አማተቡ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?»

ምእመናኑ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ስብከቱም ወዲያው አለቀ። በዚያ ቀን አቶ ትዕዛዙን በልቡ ያልመረቀ ሰው አልነበረም።

በዚህ መዳፍ ሥር ያደገችው ልጃቸው የትምወርቅ ናት። በልጅነቷ በሬዲዮ ከሰማቻቸው ትረካዎች ሁሉ መጨረሻውን የምታውቀው አንድም የለም። ዛሬ በከተማው የሙያ ማሰልጠኛ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። ለምን ኤሌክትሪክ እንደመረጠች ሲጠይቋት ሳቅ ብላ ታልፈዋለች።

ዘንድሮ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ተመዝጋቢ አጥቶ ሊዘጋ ሆነ። የማሰልጠኛው ዲን ጠርቷት፣ «ሕዝቡ ሥራችንን ለሚጎበኝበት ቀን ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ሥሪ። ያለዚያ እኔም ላድንሽ አልችልም» አላት። እሷም አስባ አስባ በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የምታህል ጀልባ ሠራች።

ከከተማው በታች ባለው የመስኖ ግድብ ላይ ከተማሪዎቿ ጋር ሆና ለሙከራ ስትለቃት ጀልባዋ ውሃውን እየሰነጠቀች አምራ ሄደች። ሄዳ ሄዳ ግን መሃል ላይ ጭስ ተነሣባት። በገመድ ጎትተው ሲከፍቷት የፍጥነት መቆጣጠሪያው ቀልጧል፤ ሞተሩም እጅ አያስነካም። ለካ የትምወርቅ ውሃ እንዳይገባ ብላ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ስለደፈነችው፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሆዷን ቀቅሎታል።

አቶ ትዕዛዙ ጀልባዋን ልቅሶ እንደመጣ ሰው ቆመው አዩዋት።

«ውሃ ላይ ሆና ተቃጠለች!» አሉ። «ምናለ በየዙሩ ብታርፍ?»

«አባባ፣ ስታርፍማ ማን ያያታል?»

የትምወርቅ ከሥር ጀመረች። ቀጫጭኑን ሽቦ በወፍራም ቀየረች። ሞተሩ እንዳይጨነቅ ውሃውን የሚቀዝፈውን ትልቁን ፕሮፔለር አውጥታ በትንሽ ተካችው። ከዚያም ቀጭን የመዳብ ቱቦ በሞተሩ ላይ ጠመጠመችና በመቆጣጠሪያው ላይ አሳለፈችው። አንደኛው ጫፍ ከፕሮፔለሩ ኋላ የግድቡን ውሃ ይቀበላል፤ ውሃው ሁለቱንም አቀዝቅዞ በሌላኛው ጫፍ በጀልባዋ ጎን ይወጣል። በሳፋ ስትሞክራት አቶ ትዕዛዙ ዳበሷት። ደግመው ዳበሷት። ቀዝቃዛ ናት። ቅር አላቸው።

«አባባ፣ ነገ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ» አለቻቸው። «ግን በመድኃኔ ዓለም ይዤዎታለሁ፣ ያቺን ቃል እንዳይናገሩ።»

«የቷን ቃል?»

«ያውቋታል።»

«እሺ» አሉ። «አልተነፍስም።»

በማግስቱ ሰው ግድቡን ከበበው። ጀልባዋ ተለቀቀች፤ ከጎኗም ቀጭን ውሃ እየተፋች ትዞር ጀመር።

«ኧረ ሸናች!» አሉ አንዲት እናት፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«ትሽና፣ እማማ!» አለች የትምወርቅ። «ውሃው እስከወጣ ድረስ ጤነኛ ናት ማለት ነው።»

ነገሩ የተበላሸው የዕለቱ የክብር እንግዳ «እስቲ ሪሞቱን» ሲሉ ነው። ንግግር ሊያደርጉ የመጡት ሰውዬ ሪሞቱን በአንድ እጃቸው የንግግር ወረቀቱን በሌላው ይዘው ልጅ ሆኑ። ዳር ዳሩን ሣር ለሣር ነዷት። የጎኗ ውሃ ቀጠነ፤ ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ሣር ቱቦውን ዘግቶታል።

«ክቡርነትዎ፣ አሁን ይበቃት ይመስለኛል» አለች የትምወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ዙር ብቻ!»

ዙሩ አለቀ፤ ሌላ ተጀመረ። ዲኑን አየችው፤ ዲኑ ሰማዩን ያያል። አባቷን አየቻቸው። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ክፍሉ፣ ሥራዋ፣ የተማሪዎቿ ድካም ሁሉ እዚያች ጀልባ ሆድ ውስጥ ሊቀልጥ ነው። ያኔ ከገዛ ደረቷ አንድ ድምፅ ወጣ።

«ሞቃለች! ትረፍ!»

የክብር እንግዳው ሪሞቱን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ሰው ሁሉ ወደ አቶ ትዕዛዙ ዞረ።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

ሳቁ ከግድቡ ማዶ ተሰማ። የክብር እንግዳውም መጨረሻ ላይ ሳቁና ሪሞቱን መለሱ። የትምወርቅ ጀልባዋን አውጥታ ከፈተቻት፤ ሞተሩ ግሏል እንጂ አልተቃጠለም። ሣሩን ከቱቦው እየጎተተች ምን እንደሆነ ስታስረዳ፣ እስከዚያ ድረስ ከሩቅ ሲያዩ የነበሩት ወጣቶች ከበቧት። የሄደችው ጀልባ ያላመጣቻቸውን የታመመችው ጀልባ አመጣቻቸው። ብዙዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ተመዘገቡ፤ ክፍሉም አልተዘጋም።

ሰው ለምሳ ሲበተን አቶ ትዕዛዙ ከግድቡ ዳር አልተነቃነቁም።

«እኔስ ትንሽ ብይዛት?» አሉ፣ ሌላ ቦታ እያዩ።

አቶ ትዕዛዙ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። በየዳገቱ አቁመው፣ ኮፈን ከፍተው፣ ራዲያተሩን ውሃ ሳያጠጡ አያልፉም ነበር፤ ተሳፋሪው ይራገም ነበር። ከጡረታ ወዲህ ግን መሪ የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። የትምወርቅ ይህን አስባው የማታውቅ መሆኗ ገረማት። ሪሞቱን ሰጠቻቸው።

መጀመሪያ በፍርሃት ነዷት። ቀጥሎ ኩርባው ጋ ቀነስ እያደረጉ፣ ቀጥታው ላይ እየለቀቁ፣ ዳክዬ ስትመጣ በአፋቸው ጥሩምባ እየነፉ ነዷት። ባናው ከትከሻቸው ወድቋል፤ አላነሡትም። ከጎኗ የሚወጣው ውሃ እንደገና ሲቀጥን የትምወርቅ አየችው። ሲቆምም አየችው።

«ሞቃለች እንዴ?» አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ ዓይናቸውን ከጀልባዋ ሳይነቅሉ።

«ኧረ ቀዝቃዛ ናት፣ አባባ» አለቻቸው። «ይንዱ።»

ሞተሩን ሰኞ ቀየረችው።