ዘመም ያለው ድንኳን

የልጅ ልጄ ሚጡ የተወለደችበትን በጋ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው። ፀሐዩ ጥሩ ነበር፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው የሕፃን ጨርቅ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል፤ ቤቱ ሳሙና ሳሙና፣ ወተት ወተት ይሸታል። ልጄ ግን ፀጉሯን እያበጠረች፣ ማበጠሪያው እጇ ላይ እንዳለ፣ በቁሟ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሷን ላግዝ ብዬ ሄጄ የራሴን ቤት የረሳሁበት በጋ ነው። ደክሞኝም ደስ ይለኝ ነበር።

በየቤተሰቡ አንድ አስተካካይ አለ። የሌለው ቤተሰብ እስካሁን አልገጠመኝም። ሰው ቤት ሊጠይቅ ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ያለች ፎቶ ተጣማ ካየ፣ ሳያቃናት አይቀመጥም። ጠረጴዛ ሲነቃነቅ ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር ይወትፋል፤ ጠረጴዛው የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ለእኛ የደረሰን የልጄ ባል ነው።

ክቡር አማቼ በሙያው የወለል ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ያቺ መሀሏ ላይ አረፋ ያላት ትንሽ መለኪያ፣ ውሃ ልክ፣ ከኪሱ አትለይም። ሰፈሩም «ውሃ ልክ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሁለት ንግግር አለው። መጀመሪያ «አንዴ ልየው» ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። በሠርጋቸው ዕለት ኬኩ ሲቆረጥ፣ እንግዳው ሲያጨበጭብ፣ ክቡርነታቸው የጠረጴዛውን እግር ይመለከቱ ነበር። ፎቶው አለ። ሙሽራው ግን ፎቶው ላይ የለም።

ሚጡም የተወለደች ዕለት ነርሷ ልጅቷን አቅፋ «አባትየው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልጋው ሥር ነው» አልኳት።

እንግዲህ ይኼ ሰው ነው በዚያ በጋ መኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ይዞ የመጣው። በልጅነቱ ዋና የተማረበት ሐይቅ ነበር፤ ሚጡን እዚያ ወስዶ እግሯን ውሃ ሊያስነካት ፈልጓል። ከተወለደች ጀምሮ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

«አንድ ቀን እሞክራለሁ» አለችው ልጄ። «ሚጡ ድንኳኑ ውስጥ አልተኛም ካለች በነጋታው ወደ ቤት ነው። ክርክር የለም።»

«ትተኛለች።»

«ካልተኛችስ?»

«እንመለሳለን» አለ፤ አፉ ነው እንጂ ፊቱስ አላለም።

እኔ ከኋላ፣ በሚጡና በጀሪካኑ መካከል ተሸጉጬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ያለበት ሜዳ ስናገኝ መንገዱን ለቀን ወጣን። ክቡርነታቸው ወረዱና ውሃ ልኳን ጣሪያው ላይ አስቀመጡ። ልጄ መሪውን ያዘች።

«ፊት ነይ። ነይ። በቃ። ትንሽ ይቀረዋል።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ።»

«ከተጋባን ጀምሮ ያቺ ትንሽ አልቃ አታውቅም» አለች፤ መሪውን ግን መለሰችለት። እንዲያ ስንሄድ ስንመለስ ሣሩን ስናስተኛው ቆየን። በመጨረሻ አረፋዋ መሀል ቆመች። ድንኳኑ ተዘረጋ፣ መሰላሉ ተደገፈ፣ ፍራሹ ተነጠፈ። አማቼ ራቅ ብሎ እንደ ሥዕል ተመለከተው።

ሚጡን ወደ ድንኳኑ ወሰድናት። እቅፍ ውስጥ ትተኛለች፤ ፍራሹን ጀርባዋ ሲነካው ትነቃለች። ጡጦ ሰጠናት። ጨርቋን ቀየርንላት። ልጄ አዘለቻት፤ እኔ አዘልኳት፤ አባቷ ዛፉን እየዞረ ዘፈነላት፤ ዘፈኑንስ ባይዘፍነው ይሻል ነበር። እየተኛች፣ ስትጋደም እየጮኸች፣ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ልጄ ድንኳኑ ውስጥ ሚጡን እንዳዘለች ልብሶቿን እያጣጠፈች ወደ ሻንጣው መመለስ ጀመረች። እሱም አይቷታል። መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ውሃ ልኳን መዳፉ ውስጥ ያገላብጣል።

«እስቲ ስጡኝ» ብዬ በዚያ በሚያመኝ ጉልበቴ መሰላሉን ወጣሁ። ሚጡን ከእናቷ ተቀበልኩ። ላቅፋት ብዬ ጡጦውን ወለሉ ላይ ሳስቀምጥ፣ እጄ በልማዱ ወደ ድንኳኑ አፍ ተወረወረ፤ ጡጦው ሳይወድቅ ሊይዝ። እዚያ የለም። ዞር ብል ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም።

ያን በጋ ሙሉ ሥራዬ ጡጦ ማሳደድ ነበር። የሚጡ ክፍል ድሮ በረንዳ ነበር፤ ልትወለድ ስትል በግድግዳ ዘግተው ክፍል አደረጉላት። እዚያ ያስቀመጥኩት ጡጦ ሁሉ ተንከባሎ የማገኘው ወደ ውጭ በሚያስወጣው በር ሥር ነው።

«ልጄ» አልኩት አማቼን ከላይ ሆኜ።

«አቤት እማማ።»

«የሚጡ ክፍል ወለል ልክ ነው?»

«በረንዳ ነበር እኮ» አለ።

«መሆኑንማ አውቃለሁ። ልክ ነው ወይ?»

«በረንዳ ልክ አይደረግም። ውሃ ይተኛበታል። ወደ ውጭው በር ዝቅ አድርጌ ነው ያነጠፍኩት።»

«እንግዲህ ውሃው አልተኛበትም፤ ልጅቷ ናት የተኛችበት።»

ልጄ የያዘችው ሸሚዝ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከቤት ከወጣን መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። «የሰው ቤት ሁሉ አስተካክለህ» አለችው፣ «ልጅህን ዘመም አድርገህ አሳደግካት።»

እሱ አልሳቀም። ሁላችንንም አስወረደና ሄዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቅሞ መጣ። ቤቷ ውስጥ የሚጡ ራስጌ ከፍ ያለው በኩል ነው፤ እዚህ ደግሞ ራሷ የሚያርፈው በመኪናዋ ፊት በኩል ነው። የፊት ጎማዎቹን ድንጋዩ ላይ አወጣ፤ እንዳትንሸራተት ከኋለኞቹ ጀርባ ሌላ ድንጋይ ሸጎጠ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሙሉ ዕድሜውን ከተጣመመ ነገር ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው በገዛ እጁ ሲያጣምም ማየት ያሳዝናል። ጨርሷል ብዬ ሳስብ መሰላሉን ወጣ።

«አንዴ ልየው» አለ። በረንዳውን የሠራው እጁ ልኩን አልረሳውም። አረፋዋን አየና «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ወረደ፣ ሌላ ስስ ድንጋይ ፍለጋ።

ሚጡን እናቷ አስተኛቻት። መሰላሉ ሥር ሆነን ጩኸቷን ጠበቅን። አልመጣም። ልጄም አልወረደችም። ብናይ ጫማዋን እንዳደረገች፣ እግሯ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ተኝታለች።

«ለእራት ልቀስቅሳት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተዋት» አልኩት። ወጥቶ ጫማዋን ቀስ ብሎ አወለቀላት።

የኔ መኝታ ከታች፣ ታጥፎ በተዘረጋው የኋላ ወንበር ላይ ነበር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ስለቀሰረች ተንሸራትቼ በኋላ በር ልወጣ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ተጋደምኩ፤ አልተንሸራተትኩም። ፍራሼን ገለጥ ባደርግ ከእግሬ በኩል ጣውላ ተደርድሮበታል። ማን ጠየቀው፣ መቼስ ሠራው? ውሃ ልኳ ትራሴ አጠገብ ተረስታለች፤ አረፋዋ መሀል ላይ ናት።

ጠዋት ልጄ ከመሰላሉ ስትወርድ ፊቷ የድሮ ፊቷን መስሏል። አማቼ ሻንጣውን እያየ፣ ለመጠየቅ ፈርቶ ቆሟል።

«ሐይቁ ምን ያህል ይቀረዋል?» አለችው።

«ትንሽ» አለ።

ሚጡ አሁን ትሮጣለች። እኔም ወደ ቤቴ ከተመለስኩ ቆየሁ። የምበላበት ጠረጴዛ ይነቃነቃል፤ ጎረቤቴ «ወረቀት ልወትፍልዎት?» ሲለኝ እምቢ አልኩት። አማቼ ሲመጣ የሚያስተካክለው ነገር ይኑር።

እነሱ ለሥራ ወደዚያው ወደ ሐይቁ ዳር ከተማ ተዛውረዋል። ባለፈው ልጄ በስልክ እንደነገረችኝ፣ አማቼ በአንድ አዲስ ትምህርት ቤት የምድር ቤቱን ኮሪደር እያነጠፈ ነው፤ «መቼ ይጨርሳል?» ብላት «ትንሽ ይቀረዋል» አለችኝ።