ስምዎ በየትኛው ሀ ነው?

የዋንጫው የፍጻሜ ጨዋታ በከተማችን እንዲካሄድ በተወሰነ ማግሥት፣ ከሁለቱ ቡድኖች ጋር የሚመጡ ስድስት መቶ ደጋፊዎች የት እንደሚያድሩ የማቀዱ ታላቅ ኃላፊነት በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለምን በእኔ? ስብሰባው ላይ አርፍጄ የደረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አለቃችን "የደጋፊዎች አዳር ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ" ብለው ስም ሲጠሩ እኔ ወንበር እየፈለግሁ ነበር። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ማን እንደተመረጠ ሳላውቅ አብሬ አጨበጨብኩ።

ደግሞም ለቦታው ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድም ነገር ቸኩዬ ሠርቼ አላውቅም።

የኮሚቴው አባላት ሦስት ነበርን። እኔ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ እና ሦስት አዳራሾች ያሉት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆነችው ሴት። ዳይሬክተሯ በመጀመሪያው ስብሰባ ገና ሳንቀመጥ እንዲህ አለች፦

"አዳራሾቹን አስጠርጌያለሁ። ፍራሹን አምጡና እናንጥፈው። ሰዎቹ ሲመጡ ገብተው ይተኛሉ። በቃ።"

ደነገጥኩ። "እሱ እኮ እቅድ አይደለም፤ መተኛት ነው!" አልኳት።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀልኝ። ስለዚህ "አዳር" የሚለውን ቃል በመተርጎም ጀመርን። ተጋድሞ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው አድሯል ይባላል ወይ? ተቀምጦ ያንቀላፋውስ? አራት ስብሰባ ፈጀን። ዳይሬክተሯ በየስብሰባው መጨረሻ "ፍራሹስ?" ትላለች፤ እኔም በየስብሰባው መጨረሻ "ጥያቄሽ ተመዝግቧል" እላታለሁ። ተመዝግቧል ስል ደግሞ እውነቴን ነው፤ አራቱም ቃለ ጉባኤ ላይ አለ።

ቀጥሎ የሙከራ አዳር አካሄድን። ስድስት የቢሮ ሠራተኞች ከነከረባታቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍራሽ ላይ ተጋደሙ። እኔ ወረቀት ይዤ በመካከላቸው እየተመላለስኩ ገመገምኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያንኮራፋ ጀመር። "እጅግ ውጤታማ" ብዬ ጻፍኩ። አስተያየት እንዲሰጥ ስንቀሰቅሰው "መውጫ ሰዓት ደረሰ እንዴ?" አለ። እሱንም ጻፍኩት።

አሁን የቀረው እንግዶቹን መደልደል ነበር። ዳይሬክተሯ "የአንዱን ቡድን ደጋፊ በአንድ አዳራሽ፣ የሌላውን በሌላ አዳራሽ፣ የተረፈውን በሦስተኛው" ብትልም ሐሳቧን ከፋፋይ ሆኖ አገኘሁት። ፊደል ግን ወገን የለውም። ሁሉም በስሙ መነሻ ፊደል ይደልደል አልኩ። እዚህ ላይ ነበር የረቀቀው ጭንቅላቴ የሠራው። ተራ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ ይቀላቅላል። እኔ ሃሌታውን ሀ በአንደኛው፣ ሐመሩን ሐ በሁለተኛው፣ ብዙኃኑን ኀ በሦስተኛው አዳራሽ መደብኩ። ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን ጸ እና ሁለቱን አ እንደዚሁ ለያየሁ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በእኛ ትርጉም መሠረት ግን አድሬያለሁ።

ጨዋታው ሲጠናቀቅ ማን እንዳሸነፈ አላየሁም፤ ዝርዝር እያስተካከልኩ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት መቶ ሰው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወረደ። በሩ ሥር ጠረጴዛዬን አስተካከልኩና የመጀመሪያውን እንግዳ ተቀበልኩ። ባንዲራ የተከናነበ፣ ሲጮህ ውሎ ድምፁ የተዘጋ ግዙፍ ሰው ነው። ስሙ በሀ ድምፅ እንደሚጀምር ነገረኝ።

"ስምዎ በየትኛው ሀ ነው?"

"እንዴት በየትኛው?"

"በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይስ በብዙኃኑ?"

"እኔ እንጃ ጌታዬ። ያወጣችልኝ እናቴ ናት። እሷ ደግሞ አፏን ከፍታ ትጠራኛለች እንጂ ጽፋኝ አታውቅም።"

"መታወቂያዎ ላይስ?"

አውጥቶ ሰጠኝ። ዝናቡ ፊደሉን አጥቦት ሀ ይሁን ለ አይለይም። "ይህ አያስተማምንም፤ ጎን ይቁሙልኝ" አልኩት።

"ወንድሜ፣ የፈለግከው ሀ ውስጥ ክተተን፤ ብቻ ጣሪያ ይኑረው!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሰልፉ በሙሉ ተንጫጫ። ስታዲየም ውስጥ ሲሰዳደቡ የዋሉት ሁለት ወገኖች በእኔ ላይ አንድ ሆኑ። "በደጋፊዎች መካከል መቀራረብን መፍጠር" የኮሚቴው ዓላማ ቁጥር አራት ስለነበር ውስጤ ደስ አለው።

ዳይሬክተሯ እየሮጠች መጣች። "በሩን ክፈቱት! ሰው እየራሰ ነው!"

ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነበር። "ፍራሽ የሚረከብ ሰው በስሙ ሳይፈርም አልከፍትም" አለ።

"ስሙስ?"

"ሰብሳቢው እያጣሩት ነው።"

በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አጣራሁ፤ የአንዱም ፊደል ስላልተረጋገጠ ሁሉም ጎን ቆሙ። አሥራ ሁለተኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቡድናቸውን ኮፍያ አድርገዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ስማቸውን ለመናገር ሁለቴ ሞክረው አቃታቸው። ላንዲት አፍታ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ኮቴን ላለብሳቸው ከጅዬ ነበር። ኮሚቴው ግን ስለ ኮት የወሰነው ነገር አልነበረም።

በዚህ መሀል ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛልኝ ደረሰች። ሽማግሌውን አየች፤ እኔን አየች፤ ጠረጴዛውን አየች። ጃንጥላውን እሳቸው ላይ ዘረጋችው።

"አባባ ይምጡ፣ ቤታችን እዚሁ ነው።"

"ኧረ አንቺ! ስማቸው እኮ አልተጣራም!"

"ቤት ሲገቡ እጠይቃቸዋለሁ።" ከዚያ ወደ መንገዱ ማዶ ዞራ ጎረቤቷን ጮክ ብላ ጠራቻት፦ "አንቺ፣ ስንት ሰው ታስተኛለሽ?"

"ሰባት!" አለች ጎረቤቷ ከመስኮት። ከአጠገቧ ሌላ መስኮት "እኔ አራት!" አለ። ጥሪው ከመስኮት መስኮት፣ ከግቢ ግቢ እየዘለለ ሰፈሩን አዳረሰ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ እኔ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊና ያልተፈረመባቸው ስድስት መቶ ፍራሾች ብቻ ቀረን።

ቤቴ ስገባ ዘጠኝ እንግዶች አገኘሁ። አልጋዬ ላይ ሽማግሌው የእኔን ሹራብ ለብሰው ሻይ ይጠጣሉ። ከእግር እስከ ራሴ ሾቄ ሲያዩኝ አዘኑልኝ።

"አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ ልጄ?"

"ከኮሚቴው" አልኳቸው።

"አይዞህ" አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። "የዘንድሮው አልሆነም እንጂ ለሚመጣው ዓመት ታሸንፋላችሁ።"

እሳቸው ምን ያውቃሉ! በሳምንቱ ለአለቃዬ ባቀረብኩት ሪፖርት፣ በአዳራሾቹ ውስጥ ካደሩ እንግዶች አንድም ቅሬታ እንዳልቀረበ፣ አንድም ፍራሽ እንዳልጠፋ አረጋገጥኩ። ስድስት መቶውም ሰው በሰላም አድሮ በሰላም ተመልሷል። አለቃዬ ተደስተው የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። አሠራሩ ለሌሎች ከተሞች ተሞክሮ እንዲሆንም በዝርዝር እንድጽፈው አዘዙኝ።

እኔም ባለቤቴን ሳሎን ቤት አስቀምጬ በሰብሳቢነቴ ጠየቅኋት።

"ውሳኔውን ያሳለፍሽው በየትኛው መስፈርት ነው?"

"የምን ውሳኔ?"

"ሰዎቹን ቤት የማስገባቱን።"

ትክ ብላ አየችኝ። "እየዘነበ ነበር እኮ" አለችና ተነሥታ ሄደች።

ሌላ ማብራሪያ ላገኝ ስላልቻልኩ በሰነዱ ላይ "የስኬቱ ዋና ምክንያት፦ ዝናብ" ብዬ አሰፈርኩ። ከሥሩም ለሚመጣው ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ዝናብ ከወዲሁ በእቅድ እንዲካተት ሐሳብ አቀረብኩ። ሰነዱ በማግሥቱ ተመለሰልኝ። አለቃዬ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ጽፈውበታል፦ "በሐሳቡ እስማማለሁ። ዝናቡን የሚያቀርበው ክፍል ተለይቶ ይገለጽልኝ።"

ይኸው ሦስተኛ ስብሰባችንን ይዘናል።