ግጥም የማይቀበሉ አዝማሪዎች

የገባው ሰው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ራሱን የሚነቀንቀው ያልገባው ነው። ይህን ያወቅሁት ከራሴ አንገት ነው። አንድ ቅዳሜ፣ አርብ ገበያ በምትባል የጋይንት ከተማ ስነቀንቀው የዋልኩት አንገት እስከ ዛሬ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል። ስለዚህ አንድ ምክር ልለግሳችሁ፦ ምኑም ያልገባችሁን ነገር እንድታስተረጉሙ የተጠራችሁ እንደሆነ ታምሜያለሁ በሉ። ሆድ ቁርጠት ጥሩ ነው፤ ማንም ገልጦ አያየውም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ አርብ ገበያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ በአካባቢው የተመሰገነ ነበር፤ የሚያርመው ሰው አልነበረማ! ዕድሜዬ ለትዳር ደርሶ፣ ዓይኔም የግራዝማች ደምሌ ልጅ አስካለ ላይ አርፎ፣ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን ጠጅ አጠጥተው፣ አስተማሪ ክፉ አይደለም፣ እስቲ ጠባዩን እንየው ብለው ሸኟቸው። በእኛ አገር «እንየው» ማለት «እሺ» ለመባል አንድ ሐሙስ የቀረው ቃል ነው። እኔም ጠባዬን አሳምሬ፣ ኮቴን አስተኩሼ ለመታየት ተሰናዳሁ። አስካለም ብትሆን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እያስተካከለች አንዳንዴ ዞር ትል ነበር። ዞር የምትለው እኔን ለማየት መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

በዚያው ሰሞን ፈረንጆቹ መጡ። አራት ናቸው፣ ሁሉም ሙዚቀኞች። አዲስ አበባ በትልቅ አዳራሽ ተጫውተው ሲያበቁ አንድ ባለሥልጣን ባላገሩስ ለምን ይቅርበት አለ አሉ። ባላገሩ መቼ ቀረብኝ አለ? ብቻ መኪናው እስከቻለ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ በእስቴ በኩል አድርገው ወደ እኛ አቀኑ። እስቴ ላይ ባላምባራስ ተገኘ ድንኳን አስተክለው፣ ሰንጋ ጥለው ይጠብቋቸው ነበር። ፈረንጆቹ ግን መሽቶብናል ብለው ከበቅሎ ሳይወርዱ እጅ ነስተው አለፉ። ባላምባራስ ከእኛው ግራዝማች ጋር በአንድ የድሮ ሹመት የተነሳ ዓይንና ናጫ ናቸው። የእሳቸው ሰንጋ ተንቆ የግራዝማች ሊበላ ነው ማለት እንዴት እንደሚያንገበግብ አስቡት። ግራዝማች ቤት ምን የተለየ ነገር አለ ብለው በቅሏቸውን አስጭነው ተከትለው መጡ።

ቅዳሜ በግራዝማች ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ፍሪዳው ታርዶ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ፈረንጆቹ ከሣጥናቸው መሣሪያ ሲያወጡ ዳሱ በሹክሹክታ ተሞላ። ሦስቱ አገጫቸው ሥር የሚወትፉት መሰንቆ ነው፤ አራተኛው ግን ጥጃ የሚያክል መሰንቆ ጭኑ መሀል አቆመ። የሁሉም አራት አራት ጅማት አለው። የእኛ አዝማሪ በአንድ ጭራ ስንቱን ያወድሳል፣ ስንቱን ያዋርዳል፤ እነዚህ በዚህ ሁሉ ጅማት ምን ሊሉ ነው ተባለ። መጀመሪያውኑ ፈረንጅ አዝማሪ መጣ ተብሎ ስለተወራ ሁሉም የተዘጋጀው ለአዝማሪ ነው። እኔም አላስተባበልኩም፤ ሌላ ስም ከየት ላምጣ?

አለቃቸው ጺማም ነው፤ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ዛሬ የምንጫወተው ሁሉ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች የደረሱት አዲስ ዜማ ነው አለ። አስተርጓሚው እኔ ነኝና ተረጎምኩ። ከዚያው ከጋይንት ቤተ ልሔም የተጋበዙ አንድ መሪጌታ ከግራዝማች ጎን ተቀምጠው ነበር፤ ዕድሜያቸውን በድጓ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዜማ ማለት ከሰማይ ወርዶ፣ ተጽፎ፣ ለእኛ የደረሰ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ዜማ የሚደርሰው ማን ፈቅዶለት ነው ብለው ጠየቁኝ። ፈረንጁን ብጠይቀው ማንም አይፈቅድም፣ ዝም ብለው ይጽፋሉ አለኝ። ይህን እንዳለ መተርጎም ስለፈራሁ «ንጉሣቸው ነው የፈቀደው» አልኳቸው። መሪጌታ ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ነበር። ፈረንጆቹ ፊት ለፊታቸው ወረቀት ዘርግተው እያዩ ሊጫወቱ ነው! «ገና ተማሪዎች ናቸው» አሉ አዝነው፤ «ያወቀ ሰው በማኅሌት መጽሐፍ አይዘረጋም። ሳይመረቁ ነው የሰደዷቸው።»

ጀመሩ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? አንዱ ሲጀምር ሌላው ይተወዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ሦስተኛው በጣቱ ይቆነጥጣል። ትልቁ መሰንቆ የጎተራ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማና መልሶ ይዘጋዋል። እኔ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ምን እያለ ነው አሉኝ። እውነት አላቸው፤ መሰንቆ ያለ ቃል መቼ ተመትቶ ያውቃል? ቃል የለውም ብላቸው አስተርጓሚው አልቻለም ሊባል ነው። ስለዚህ የአገራቸውን ናፍቆት ነው የሚያነሡት አልኩ። ጥቂት ቆይተው አሁንስ አሉ። አሁንማ ደርሰዋል ግራዝማች፣ ዘመድ እየሳሙ ነው አልኩ። በዚህ ጊዜ ትልቁ መሰንቆ እንደ ታረደ ነገር ጮኸ። ግራዝማች ይህን የሚሳም ዘመድ በጥርጣሬ አዳመጡት።

እንዲህ ስንል ድንገት ሁሉም በአንድ ላይ ቆሙ። መምቻቸውን አየር ላይ ሰቅለው ዝም። አላለቀም፣ ግን አይጫወቱም። በኋላ እንደተነገረኝ ዝምታው ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ደራሲው አስቦ ነው ያስገባው። ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አዝማሪ መምቻውን አቁሞ ሲያይህ ግጥም ስጠኝ ማለቱ ነው። ግራዝማች ደግሞ ለዚህ ሰዓት ሳምንቱን ሲዘጋጁ ነው የከረሙት። ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ባላምባራስን በጎን እያዩ፣ ደረታቸውን ነፍተው ሰጡ፦

«ተቀበል!
እስቴን ዘሎ መጣ የሩቁ እንግዳ፣
ጋይንት ሊቀምስ ነው ጠጁን ከፍሪዳ።»

ዳሱ አውካካ። ፈረንጆቹ ግን ንቅንቅ የለም። ግራዝማች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና «ተቀበል!» አሉ። ጺማሙ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እሽሽ አላቸው። ግራዝማችን! በገዛ ዳሳቸው! የሰጠው ግጥም መሬት ላይ የወደቀበት ሰው ከዚያ በኋላ በገበያ መሀል እንዴት ይሄዳል? ባላምባራስ ተገኘ ጺማቸውን እየደባበሱ ፈገግ አሉ። ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ልመና ነበር።

እዚህ ላይ ያለሁበትን ጭንቅ ልብ በሉልኝ። ግጥሙ ካልተነሣ አማቴ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ሊዋረዱ ነው። እኔ ካነሣሁት ደግሞ በሕዝብ ፊት የሰው ግጥም ተቀብሎ የሚያዜም ሰው ስሙ አንድ ነው፤ አዝማሪ። የዚያን ጊዜ ባላባት ደግሞ አዝማሪን ይጋብዛል፣ ያበላል፣ ይሸልማል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ከዳሱ ማዶ በሴቶቹ መሀል አስካለ ቆማ ነበር፤ አባቷን አይታ እኔን አየች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ማለት ይኸው ነው።

አፌን ከፈትኩ። እስቴን ዘሎ መጣ አልኩ፣ ደጋግሜ፣ እያስረዘምኩ፣ «አይ ግራዝማች!» እየጨመርኩበት። የሚገርመው፣ ጥጃ የሚያክለውን መሰንቆ የያዘው ፈረንጅ ከሥሬ ገብቶ ተከተለኝ! ሌሎቹም ተከተሉ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሲያበቃ ጺማሙ እየሳቀ አቀፈኝ። ደራሲው በሕይወት ስላለ የሆነውን ሁሉ እነግረዋለሁ፣ በጣም ደስ ይለዋል አለ። ተረጎምኩላቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ወዘወዙና «በሕይወት ካለስ ንስሐ ይግባ» አሉ።

ባላምባራስ ያን ዕለት ሳይሰናበቱ በቅሏቸውን ጫኑ። ነገሩ ከረረ፤ ጠመንጃ የሚወለውልም አልጠፋ። ሽማግሌዎች ገቡና ግራዝማችን ሲወቅሱ እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ምን አልኩ፣ የሰደበው አዝማሪው ነው» አሉ፤ አዝማሪው እንግዲህ እኔ ነኝ። በአገሩ ደንብ እውነት ነው፤ አዝማሪ ላለው አይከሰስም፣ ያስባለው ደግሞ አላልኩም ይላል። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ለዘብ አሉ። ዕርቁም እንዲጸና በጋብቻ ይታሰር ተባለ። ባላምባራስ ያልዳሩት ወንድ ልጅ አላቸው። ግራዝማችስ ማንን አላቸው? እናንተው ገምቱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላሉ፤ ሲታረቁስ የሚተኙት የት ላይ ነው?

የእኔ ሽማግሌዎች መልስ ሊሰሙ ቢሄዱ ግራዝማች በአክብሮት ተቀበሏቸው። ያ ልጅ ክብሬን አድኖልኛል፣ ውለታውን አልረሳም፤ ልጄን ግን ለአዝማሪ ሰጠ ብባል አጥንቴ ይወቅሰኛል አሉ። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው ብለው ተመለሱ። ደግሞ እኮ ግራዝማች እውነታቸውን ነው፤ ውለታዬን አልረሱም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ከግራዝማች ዘንድ መልእክተኛ መጣና እንዳትቀር፣ መሰንቆውን እኛው አዘጋጅተናል አለኝ። እምቢ ልል ተነሣሁ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ሠርጉ ዳስ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። አስካለ ተሸፋፍና ከሙሽራው ጎን ተቀምጣለች። ነጠላዋን አላስተካከለችም። ግራዝማችና ባላምባራስ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ብርሌ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ግራዝማች ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረታቸውን ነፉ፦

«ተቀበል!
ድሮም አንድ ቤት ነው እስቴና ጋይንት፣
መሀል የገባ ነው የለየው በከንቱ።»

ግጥሙ ቤት አይመታም። አስተማሪ ነኝና ላርመው አሰብኩ። ሕዝቡ ሁሉ ግን ዝም ብሎ እኔን ይጠብቅ ነበር።