ፊቱ የቀለለው አውሮፕላን

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ደረቱን ነፋ፣ ጉንጩን ሞላ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አክብሮት እንዳይመስላችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነኝ። በርና መስኮትም እሠራለሁ፤ አልጋም ቁም ሣጥንም እሠራለሁ፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? ሰው የሚያውቀኝ በዚያኛው ነው። ሠላሳ ዓመት ስለሠራሁበት ዓይኔ ተበላሽቷል። ሰላም ስላችሁ ቁመታችሁንም ክብደታችሁንም ሳልፈልግ ወስጃለሁ። ምን ላድርግ? ልብስ ሰፊውስ ትከሻችሁን አያይም?

ታዲያ ያየሁትን አልናገርም። ድሮ እናገር ነበር። አንድ ከደጀን የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጅ ነበረኝ። አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆሞ ሲያወራኝ "ምነው ከሳህ?" አልኩት። ይህን የማይል ማን አለ? ሌላ ሰው ቢለው ሰላምታ ነው። ሾፌሩ ግን በወሩ ሞተ። ሚስቱ ሣጥን ልታዝ ከወንድሟ ጋር መጣች። ቁመቱን ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ልኩንማ ያኔ ወስደኸዋል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምላሰ ጥቁር ተባልኩ። አጠገቤ ሲደርስ የማይወፍር ሰው የለም። እኔም ስለ ሰው አካል ትንፍሽ ላልል ለራሴ ማልኩ። ያኔ ጥሩ መሐላ መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አውሮፕላን ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። አትሳቁ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ይሁኔ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ያስተምር ነበር። ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ያዘወትራል። እሱ አውሮፕላን ልሥራ አለ። የት? እኔ ሥራ ቤት ውስጥ ነዋ! ስምንት ዓመት ሙሉ ግማሹ ቤት የሬሳ ሣጥን፣ ግማሹ ቤት አውሮፕላን ሆኖ ኖርን። አባታቸው የሞቱባቸው ሰዎች ሣጥን ሊመርጡ መጥተው፣ አንደኛው ቀለም ያልተቀባውን የአውሮፕላን ገላ እየዳበሰ "ይህችኛዋ ትሸጣለች ወይስ የሰው ናት?" ብሎ ጠይቆኛል። የሰው ናት አልኩት። ጥሩ እንጨት ነው ብሎ አመሰገነኝ። እንጨት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጠንካራ ፎም በጋለ ሽቦ እየተቆረጠ የክንፍ ቅርጽ ይይዛል። በላዩ ፋይበር ግላስ የሚባለው ነጭ ጨርቅ ይለበጥበታል። ጨርቁ ደግሞ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ ይጠጣል። ሙጫው ሙቀት ይወዳል። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ? ሐምሌ ላይ የለበጥነው ክንፍ ለሦስት ቀን እንደ ማር ሲያጣብቅ ሰነበተ። አያ ይሁኔ የራሱን ጋቢ አምጥቶ አለበሰው፤ ከሥሩም አምፖል አበራለት። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ ጋቢውን ፍለጋ መጥታ ክንፉ ለብሶት ስታገኘው ጫፉን አስተካክላ አልብሳው ተመለሰች። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ምን ትላለች?

አውሮፕላኑ ደግሞ ሰው የለመደው ዓይነት አይደለም። ካናርድ ይሉታል። ትንሹ ክንፍ ከፊት፣ ትልቁ ክንፍ ከኋላ ነው። ሞተሩም ፕሮፔለሩም ከጀርባ ሆነው ይገፋሉ እንጂ አይጎትቱም። ስለዚህ ያየው ሁሉ ሊያርመን ይሞክራል። አንድ የሮብ ገበያ ገበሬ ለእናቱ ሣጥን ሊያሠራ መጥቶ፣ ሐዘኑን ለጊዜው ትቶ ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ወንድሜን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ "ጌታው፣ አይቆጡኝና የፊቱን ከኋላ ነው የገጠሙት። ሌላ ሰው ሳያይ ይፍቱት" አለው። ወንድሜ አልተቆጣም። መምህር አይደል? ቁጭ አድርጎ አስረዳው።

ማስረዳቱን ስምንት ዓመት ስለሰማሁት በቃሌ እነግራችኋለሁ። ክንፍ ይደክማል። አብራሪው አፍንጫውን አጉል ሽቅብ ካደረገው ክንፍ ይደክምና አውሮፕላን ይወድቃል። በዚህኛው ግን ቀድሞ የሚደክመው የፊተኛው ትንሽ ክንፍ ነው። እሱ ሲደክም አፍንጫው በራሱ ዝቅ ይላል፤ ትልቁ ክንፍ ሳይደክም ጉዞ ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው ግን ፊቱ የሚገባውን ያህል ከከበደ ብቻ ነው። "ፊቱ ከቀለለስ?" አለ ገበሬው። "ከቀለለማ ትልቁ ቀድሞ ይደክማል። ያኔ መሬት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው" አለው ወንድሜ።

ፊቱን የሚያከብደው ማን ነው? አብራሪው ራሱ ነዋ። ወንበሩ ከፊት ነው። ሰው ካልተቀመጠበት በሞተሩ ክብደት ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለዚህ ሲባል ሲቆም የፊት ጎማው ይታጠፍና አፍንጫው መሬት ይነካል። አንድ መነኩሴ በበሩ ሲያልፉ አይተውት "ይህስ መስገድ ያውቃል" ብለው አማትበው ሄዱ። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ።

አምና ጥር ላይ ተጠናቀቀ። ለመብረር ፈቃድ የጠየቀበት ደብዳቤ መልስ ባያገኝም፣ ወደ ደብረ ኤልያስ መውጫ ካለ ደረቅ ሜዳ ላይ አንድ የሰው ቁመት ያህል ብቻ ከፍ ብዬ ልውረድ ይል ነበር። አንድ ቁመት ብቻ! ለዚያች አንድ ቁመት ስምንት ዓመት። በመጀመሪያ ግን ሚዛን አለ። ከጤፍ ነጋዴ የእህል ሚዛን ለምነን አመጣን። አንድ ሚዛን ብቻ ስለነበረ የፊት ጎማውን ብቻ ጫንበት። ጎማው ከመጫኑ በፊት አያ ይሁኔ ራሱ ወጣበት፤ ሰባ ሁለት ኪሎ። ይህን ደብተሩ ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የፊት ጎማው አርባ ኪሎ አለ። ንድፉ የሚለውም አርባ ነው። ወንድሜን እንደዚያ ቀን ስቆ አይቼው አላውቅም።

ሞተሩን ሲያስተካክል፣ ገመድ ሲያጠብቅ ሁዳዴ ገባ። በጾሙ ማለቂያ ሚዛኑን እንደገና አመጣን። ሠላሳ አራት። አያ ይሁኔ ሳቀ። "ጾሙ ነው እኮ! ሆዴን ነው የመዘነው" አለ። እውነት ነው፤ አገሩ ሁሉ ሁዳዴ ሲያልቅ ይከሳል። በፋሲካ ይመለሳል ተባለ። ስድስት ኪሎ አሸዋ በከረጢት አፍንጫው ውስጥ አሰርንና ወደ በዓሉ ሄድን።

እኔ ግን የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ፊት ተቀምጬ አየሁት። አይቼው ደነገጥኩ። የጾም ክሳት ፊት ላይ ነው የሚታየው፤ ይህ ከትከሻ የወረደ ነበር። ዓይኔ ሳልጠይቀው ስድሳ ሁለት አለኝ። እንቁላሉን ግማሹን ትቶ ለእኔ አሳለፈልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በላሁለት። ምን ልበል? "አያ፣ ከስተሃል" ልበለው? ሾፌሩ ትዝ አለኝ። የሚስቱ አፍ ትዝ አለኝ። ሌላ ሰው ይንገረው አልኩ። ሌላውም ሰው ነገረው፤ እሱ ግን "ከጾም እኮ ነው የወጣሁት" ይላል፤ ሰዉም ልክ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ብናገር ግን ያምነኝ ነበር። የፈራሁትም እሱን ነው።

በዓለ ሃምሳው አለፈ። ረቡዕና ዓርቡ ሁሉ የተበላበት ሃምሳ ቀን። ከጰራቅሊጦስ በኋላ አሸዋውን አውጥተን መዘንን። ሠላሳ ሁለት! አያ ይሁኔ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ መምህር እንደሚያስበው አሰበ። "ሁዳዴ አልፏል። እኔ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ ከኋላ ነው፤ የኋላው ክንፍ ከብዷል" አለ። አያችሁ? ፋሲካ ያልመለሰው ሰው አይቶ አያውቅም፤ ራሱንም ዳግመኛ ሚዛን ላይ አላወጣም። ሰባ ሁለት ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ክረምቱን ሙሉ ክንፍ ስንፍቅ ከረምን። ሙጫው በዝቷል ብሎ ፋቅን። እርጥበት ገብቶበታል ብሎ ፋቅን። እንጨት የማለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ጎን ለጎን ቆመን ስንፍቅ፣ ነጭ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ይቀመጣል። ክንዱ ሲደክም እኔ እቀጥላለሁ። ያን ክንፍ ሲለበጥ በእጄ አውቀዋለሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ፋቅልኝ ያለኝን እፍቃለሁ። አንድ ቀን በመዶሻዬና በምስማሬ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ። ሁለተኛም በሳ። ሦስተኛውን ሲበሳ ጀርባዬን ሰጥቼ የአንድ ሟች ሣጥን ክዳን መታሁ። መዶሻችን እኩል ይመታ ነበር፤ ዛሬም ድምፁ ይሰማኛል። ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ስንመዝን ፊቱ ይበልጥ ይቀላል። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ። "ይህ ክንፍ ከየት እያመጣ ነው የሚከብደው?" ይለኛል። እኔም "እንጃ" እላለሁ። እንጃ ማለት እንዴት ያለ የሚመች ቃል ነው!

መስከረም ላይ፣ ሜዳው ሊደርቅ ሲል፣ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ብሎ እግሩን ቢያነሳ እግሩ አልወጣም። ጠርዙን እንደያዘ መሬት ተቀመጠ። እትዬ ጥሩነሽ መጣች። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። ሆዱን ዳበሰ፣ መዘነ፣ ደም አስወሰደ፣ ፎቶ አዘዘ። ሁለት ቀን አስተኝቶ ሦስተኛው ቀን ላይ ውጤቱን ይዞ ቁጭ አለ። ክብደት መቀነስ የጀመሩት መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ ጥሩነሽ ከጾሙ ወዲህ ነው አለች። ወንድሜ ግን "እኔ? እኔ አልቀነስኩም" አለ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነዎት አለው። ከዚያ አያ ይሁኔ ደብተሬን አውጡልኝ አለ። ያን ደብተር ከትራሱ ሥር አይለየውም። ሐኪሙ ተቀብሎ አገላበጠው፤ ቀን በቀን፣ ኪሎ በኪሎ። ይህ ሁሉ ምንድን ነው አለ። የአውሮፕላን የፊት ጎማ ነው አልኩት። የምቀልድ መሰለው።

ገባው በኋላ ግን። የሚያዝያውን ገጽ በጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ፣ ያኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይህን ዕጢ ቆርጠን እናወጣው ነበር አለ። አሁንስ? አሁን ሕመሙን ማስታገስ እንችላለን አለ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

ወንድሜ ኮርኒሱን ያያል። የሚሰላ ነገር ሲኖረው እንዲያ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ጥር ላይ ያየሁት ሳቅ መጣ።

"ስለዚህ አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም!" አለ። "ክንፉ ደኅና ነበር! እኔ ነኝ እንጂ የቀለልኩት! ሰማህ? ሒሳቡ ልክ ነበር!"

መቻል አቃተኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን የታመቀ ነገር ሁሉ አወጣሁት። አያ፣ እኔ አውቅ ነበር አልኩት። የፋሲካ ዕለት አይቼሃለሁ። ስድሳ ሁለት ነበርክ። ሐምሌ ላይ ስድሳ ነበርክ። ቀበቶህን ስትበሳ አይቼሃለሁ። ምላሰ ጥቁር ነኝ ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩህ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። ይምታኝ፣ ይርገመኝ፣ ከዚህ ውጣ ይበለኝ ብዬ ጠበቅሁ።

ሳቁ ጠፋ። አንገቱን ከትራሱ አንሥቶ አየኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"እያወቅህ ነው ታዲያ ያን ጤነኛ ክንፍ ክረምቱን ሙሉ ያስፋቅኸኝ?" አለኝ።

ስለ ክንፉ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሌላውን አላነሳብኝም።