እትዬ በላይነሽ የወንደሰንን ሐረግ ሲገለብጡ

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ፣ መንገድ ላይ ለቅጠል የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለኦማኗ ሙስካት የደረሱን ክብርት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

ያ ጠዋት ፈክቶ ቀትር ላይ የሚጨማደደው ሐምራዊ ሐረግ አለ አይደል? እኛ «ሲያምር!» ብለን እናልፈዋለን። እሳቸው አያልፉም። «ፊቱን ተዪው፣ ሁሉም ፊቱን አሳምሮ ነው የሚመጣው። ገልብጪው!» ይላሉ። አበባውን ከሥር ያቀፉት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ፀጉር ካላቸው አንድ ዘር፣ ልሙጥ ከሆኑ ሌላ። መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ጫፉ እንደ አተር ከተድቦለቦለ አንድ ወገን፣ እንደ ክር ለሁለት ከተሰነጠቀ ደግሞ የሩቅ ዘመድ።

ባለፈው መዲናት ሱልጣን ቃቡስ ሰፈር የሰው አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሐረግ ፀጉር ሲፈልጉ ዘበኛው ደረሰባቸው። ይብላኝ ለዘበኛው! ትምህርቱን ተቀብሎ ነው የተለቀቀው። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ብሎ የአበባ ፎቶ ሲለጥፍ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይሉ «ጀርባው የታለ?» ይላሉ። አብራቸው የምትኖረው ሰሎሜማ በየሐረጉ ስለሚያስቆሟት፣ እዚህ የዕረፍት ቀን በሆነው አርብ ቅዳሴ በሰዓቱ ደርሳ አታውቅም።

ይህቺው ሰሎሜ ወጠያ ሰፈር ሆቴል ውስጥ የሚሠራውን ወንደሰንን ልታገባ ቆርጣለች። ቤተሰቦቿ ሩቅ ናቸው፤ እዚህ ያሏት ታላቅ እትዬ ብቻ። እሳቸው እምቢ ካሉ ነገሩ ኻላስ፣ አለቀ ነው። ስለዚህ «ስትመጣ ሐረግ ይዘህ ና» ብላ መከረችው።

ረፋዱ ላይ መጣ፤ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ያበበ ሐረግ ታቅፎ።

«ከየት አገኘኸው?» አሉ እትዬ።

«ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ ዋዲ ዓዳይ መንገድ ዳር።»

ገለበጡት። ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ወፍራም ነው። ጫፉም እንደ ፍየል ሰኮና ተከፍሏል። ይሄ የባሕር አሸዋ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ዋዲ ዓዳይ ተራራ ሥር ማፊ፣ የለም! ባሕር ዳር ከማን ጋር ነበርክ?»

ሰሎሜ ክው አለች። «ጠዋት ስደውልልህ ሥራ ላይ ነኝ አላልከኝም?» አለችው። ለአፍታ ትዳሯ ገና ሳይጀመር የፈረሰ መሰላት።

ወንደሰንን ላብ አጠመቀው። «ብቻዬን ነበርኩ» አለ። «እርስዎ ፊት የምናገረውን... እየጮህኩ ስለማመድ ነበር። እዚያ ሰው አይሰማኝም ብዬ።»

«ማንም አልሰማህ?»

«ዓሣ አጥማጆች ሰሙኝ። አጨበጨቡልኝ።»

«እንግዲያው እኛም እንስማው። ያላ!»

ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክብርት እናታችን፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩት...» አለና ቀሪው ጠፋው። ጣራውን አየ፣ ምንጣፉን አየ። በመጨረሻ «በቃ፣ እወዳታለሁ» ብሎ ቁጭ አለ።

እትዬ ሐረጉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ደግመው ገለበጡት። ሰሎሜም ያን ጊዜ ገባት፤ በዚህ የሰው አገር ለእሷ ብሎ ነገርን እንዲህ የሚያገላብጥ ሌላ ሰው የላትም።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ እትዬ። «ዋሽተህ ካስለቀስካት ግን ወዮልህ!»

ወንደሰን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ሰሎሜ ግን ቀድማው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ነበር።